ከአርባ ቀን በኋላ ማን ያንኳኳል?

«ልጅ በአርባ ቀኑ ዕድሉ» እንላለን። አብዛኛውን ጊዜ የምንለው ለመገላገል ነው። አንዱ ሲማር ሌላው በግ ሲጠብቅ ቀረ፤ «በቃ፣ በአርባ ቀኑ የተሰጠው ነው»። አንዷ አደገች፣ ሌላዋ ቀጭጫ ቀረች፤ «ምን ይደረግ፣ ዕድሏ ነው»። እኔ ግን ይህን አባባል በአንድ በኩል እወደዋለሁ፤ ጊዜ ይጠቅሳል። የሰው ነገር የሚወሰነው ገና በጨቅላነቱ፣ እናቱ ጉያ ውስጥ ሳለ ነው ይላል። ዛሬ ሐኪሞቹ የሚሉትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ቀኑን ያረዝሙታል እንጂ። ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ያሉት ወደ 1,000 የሚጠጉ ቀናት የአንጎል መሠረት የሚጣልባቸው፣ የቁመት ልክ የሚወሰንባቸው ናቸው።

ከአባባሉ ጋር የምጣላው ስሙ ላይ ነው። እሱ ዕድል ይለዋል፤ እኔ በጀት እለዋለሁ።

ያደግሁት ሞላሌ ነው፣ መንዝ ማማ ምድር። ውርጭ ገብስ በሚያቃጥልበት በዚያ ደጋ አራስ ብቻዋን አትተውም። ጎረቤት ገንፎ ያገነፋል፣ አጥሚት ይፈላል፣ ባልቴቶቹ ተራ በተራ ይገባሉ፣ ሕፃኑን አገላብጠው ያያሉ፣ «ጡቱን በደንብ ይዞልሻል?» ብለው ይጠይቃሉ። ባለሙያዎቹ የቤት ለቤት ጉብኝት የሚሉት ነገር ይኸው ነው፤ ዓርማና አስተባባሪ የለውም እንጂ። ከዚያ ክርስትና ይነሳል፣ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ፤ ድግሱ ይበላል፣ ጠያቂው ይበተናል። እናቲቱ ወደ ማገዶዋና ወደ ውኃዋ ትመለሳለች። ልጁ መቀመጥ፣ መዳህ፣ «እማ» ማለት በሚጀምርባቸው፣ ከጡት ወደ ምግብ በሚሻገርባቸው ወራት፣ ማለትም ነገሩ ሁሉ በሚቃናበት ወይም በሚበላሽበት ጊዜ፣ ያንን ደጃፍ አዘውትሮ የሚያንኳኳ የለም።

ክርክሬ አጭር ነው። ከአርባ ቀን በኋላ፣ ልጁ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ፣ በወር ሁለት ጊዜ ደጃፉን የምታንኳኳ፣ የሠለጠነች፣ ደሞዝ የሚከፈላት ሴት ትኑር። ደሞዟ ከመንግሥት በጀት ይውጣ። ወረዳዎቻችንም ይህንን በጽሑፍ፣ በቁጥር፣ ያለ ሐፍረት ይጠይቁ። እስከ ዛሬ አለመጠየቃቸው የገንዘብ እጦት ብቻ አይደለም፤ ለመጠየቅ የሚበቃ ነገር ነው ብለን ስላላመንን ነው።

«እና መጥታ ምን ልታደርግ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። አምና ሞላሌ ሳለሁ የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ አንዲት ጎረቤታችንን «እትዬ፣ ሕፃኑን ቀን ቀን ያዋሩታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አይ አንተ ልጅ! አፍ ያልፈታን ልጅ ምን ብዬ ነው የማዋራው? እሱ ይናገር፣ እኔ እመልስለታለሁ» አሉኝ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሴትዮዋ ሰባት ልጅ አሳድገዋል፤ ፍቅር አላነሳቸውም። ያነሳቸው፣ ሕፃን አፍ የሚፈታው ሲያዋሩት መሆኑን ቁጭ ብሎ የሚያሳያቸው ሰው ነው።

ጎብኚዋ የምትሠራው ይህንን ነው። ንግግር አታደርግም። መሬት ላይ ትቀመጣለች፣ ከቤቱ ጣሳና ቆርኪ ትለቅማለች፣ ከአሮጌ ጨርቅ አሻንጉሊት ትቋጥራለች፣ እናቲቱ ከልጁ ጋር ስትጫወት አጠገቧ ሆና ታበረታታለች። ልጁ ዛሬ ምን እንደቀመሰ ትጠይቃለች፤ የዶሮዋ እንቁላል ሁሉ ገበያ ወጥቶ እንደሆነ አንዱ ለሕፃኑ እንዲቀር ትከራከራለች። የክትባት ካርዱን ታያለች። ሲጠሩት የማይዞር ልጅ ካለ መስማት አለመስማቱን ቀድማ ትጠረጥራለች። እናቲቱ ከወለደች ወዲህ ፊቷ የጠቆረ፣ ምግብ ያስጠላት እንደሆነም ከሁሉ በፊት የምታየው እሷ ናት። ይህንን ሁሉ በፖስተር ማድረግ አይቻልም።

የቅንጦት ሐሳብ የሚመስለው ካለ ወደ ጃማይካ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1986 እና 1987 ከኪንግስተን ድሃ ሰፈሮች ከ9 እስከ 24 ወር ዕድሜ ያላቸው 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ተመረጡ። ከፊሎቹ ተጨማሪ ምግብ ተሰጣቸው። ከፊሎቹን አንዲት የጤና ረዳት ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ ቤታቸው እየሄደች ለአንድ ሰዓት ያህል ከእናትና ከልጅ ጋር ትጫወት ነበር፤ መጫወቻው ከቤት ዕቃ የተሠራ ነው። ከፊሎቹ ሁለቱንም አገኙ፤ ከፊሎቹ አንዱንም አላገኙም። ከ20 ዓመት በኋላ አጥኚዎች እነዚያን ልጆች፣ አሁን ጎልማሶች፣ ፈልገው አገኟቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣው ውጤት እንደሚለው፣ ቤታቸው የተጎበኘው ካልተጎበኘው 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ያገኙ ነበር፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ካልቀነጨሩት እኩዮቻቸው ጋርም በገቢ ተስተካክለዋል። ምግብ ብቻ ያገኙት ላይ ግን ያን ያህል የዘለቀ ለውጥ አልታየም።

«መጀመሪያ እንጀራ፣ ጨዋታ በኋላ» ለሚሉ ሰዎች ያለኝ መልስ ይህ ነው። እንጀራው ይቅር ያለ የለም፤ የራበው ልጅ ይብላ። ነገር ግን ልጅ በግ አይደለም፣ አብልተነው ብቻ የሚያድግልን። ምሳሌው የሩቅ ደሴት ከመሰላችሁ ደግሞ ፓኪስታን አለች። በሲንድ ግዛት ከኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር የሚመሳሰሉ የመንግሥት ሴት የጤና ሠራተኞች ይህንኑ ሥራ ከመደበኛ ሥራቸው ጋር እንዲያካሂዱ ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 «ላንሴት» ላይ የወጣው ጥናት ልጆቹ በሁለት ዓመታቸው በአእምሮ፣ በንግግርና በእንቅስቃሴ ዕድገት ብልጫ ማሳየታቸውን መስክሯል።

አሁን ወደ ቤታችን። ኢትዮጵያ ቤት ለቤት መሄድን ከማንም መማር አያስፈልጋትም። እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር፣ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ከ30,000 በላይ የሆኑ የመንግሥት ደሞዝተኛ ሴቶች መጸዳጃ እየለኩ፣ ክትባት እየወጉ፣ ነፍሰ ጡር እየቆጠሩ አገር አዳረሱ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከ1,000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 ቁጥሩ 67 ደረሰ። ይህ የነሱ ብቻ ሥራ አይደለም፤ ያለነሱ ግን አይታሰብም። ልብ በሉ፤ ያኔም «ድሃ አገር ይህን ሁሉ ሴት በደሞዝ አትቀጥርም» የሚል አልጠፋም። ቀጠረች።

ታዲያ ይህንንም ለነሱ እንጨምርላቸው? ብዙ ሰው የሚለው ይህንን ነው፤ «የጤና ኤክስቴንሽን አለ አይደል እንዴ?» ሙያዬ ሶፍትዌር ነው፣ የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ አንድ ሥርዓት ይሸከማል ሲባል መጀመሪያ ጭነቱን ማስላት ልማዴ ነው። እናስላ። አንድ ጤና ኬላ 5,000 ያህል ሰው ያገለግላል። ከ100 ሰው በዓመት ሦስት ልጅ ይወለዳል ብንል 150 ልጅ ነው። ከሦስት ዓመት በታች ያሉት ወደ 450 ይደርሳሉ። እያንዳንዱ በወር ሁለት ጊዜ ይጎብኝ ካልን በወር 900 ጉብኝት። ሁለቱ ሠራተኞች በወር 22 ቀን ሌላ ምንም ሳይሠሩ ቢዞሩ ለእያንዳንዳቸው በቀን ከ20 ቤት በላይ ይደርሳቸዋል። መንዝን የሚያውቅ ይፍረድ። አንዱ መንደር ሜዳው ላይ፣ ሌላው ገደሉ ሥር ነው፤ በመካከል ወንዝ አለ፣ ክረምት አለ፣ ጭጋግ አለ። በቀን አራት ቤት በወጉ የጎበኘች ሴት እጇ ይሳም።

ስለዚህ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። የቀበሌውን ሁሉ ልጅ መድረስ ባይቻል፣ የባሰባቸውን አንድ ሦስተኛ፣ 150 ልጆችን እንውሰድ። 300 ጉብኝት በወር፤ በቀን አራት ቤት ለምትደርስ ሴት በወር 88 ጉብኝት። አራት ሴት በቀበሌ ማለት ነው። 20 ቀበሌ ላለው ወረዳ 80 ሴት። ይህ ቁጥር የሚያስደነግጥ አይደለም። በየቀበሌው 12ኛ ክፍል ጨርሰው፣ ፈተና ወድቀው፣ ወይ ዓረብ አገር ወይ አዲስ አበባ ለቤት ሠራተኝነት ለመሄድ የሚጠባበቁ ስንት ልጆች አሉ? ደሞዙ ለነሱም ኑሮ ነው።

«በጎ ፈቃደኞች ይሥሩት» የምትለዋን ሐሳብ እዚሁ ላይ ልዝጋት። ሞክረነዋል። የሴቶች ልማት ሠራዊት ብለን፣ አንድ ለአምስት ብለን፣ የገበሬ ሚስቶችን ያለ ሳንቲም የመንግሥት ሥራ አሠርተናል። የራሷ ልጅ ቤት ውስጥ እያለቀሰ የሌላውን ልጅ ትጎበኝ ዘንድ በነፃ የምንጠይቃት ሴት፣ ስለ ሕፃናት ዕድገት በምንሰብክበት አፋችን የራሷን ሕፃን እየነጠቅናት ነው። ወንድ የሚሠራው ሥራ ቢሆን ኖሮ «በጎ ፈቃድ» አንለውም ነበር፤ ውሎ አበል እንቆርጥለት ነበር።

ይህ እንደሚቻል ደግሞ አዲስ አበባ አሳይታለች። ከተማዋ በቀዳማይ ልጅነት ልማት ፕሮግራሟ በሺዎች የሚቆጠሩ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ወላጆችን የሚያማክሩ ሴቶችን አሰማርታለች፤ «ምርጥ የልጆች ማሳደጊያ አፍሪካዊት ከተማ» እሆናለሁ ብላ ተነስታለች። ደስ ይላል፤ ከልቤ ነው። ግን ቁጥሩን አስተያዩት። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች የቀነጨሩት 15 በመቶ ገደማ ነበሩ። በአማራ ክልል 46 በመቶ፤ ከክልሎች ሁሉ የከፋው። በ2019 የክልሉ ቁጥር 41 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በሰቆጣ ቃል ኪዳን እስከ 2030 ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ያለን መቀንጨር እናጠፋለን ብለን የማልነው በዚሁ ክልል ባለች ከተማ ስም በተጠራ መሐላ ነው። ከተማዋ ለልጆቿ በጀት መመደቧ አያስቀናኝም። የሚያንገበግበኝ፣ ከሁለት ልጅ አንዱ ሊቀነጭር በቀረበበት አገር ያለን ሰዎች ያንኑ ነገር ለመጠየቅ ማመልከቻ እንኳ አለመጻፋችን ነው።

ለምን አንጽፍም? አንደኛው ምክንያት ባለቤት ማጣት ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለቀዳማይ ልጅነት የፖሊሲ ማዕቀፍ አላት፤ የትምህርት፣ የጤና እና የሴቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች በጋራ ያወጡት። ሲወጣ አራት ምሰሶ ነበረው። የመጀመሪያው የወላጆች ትምህርት፣ ሁለተኛው ከፅንስ ጀምሮ ያለው ጤናና ማነቃቂያ ነበር። ከአራቱ በየገጠሩ በደንብ የምናውቀው «ኦ ክፍል» የሚባለውን ነው። ለምን? ክፍል ስላለው። በር አለው፣ ጥቁር ሰሌዳ አለው፣ ተመዝጋቢ ይቆጠራል። ከሦስት ዓመት በታች ያለው ልጅ ያለው እናቱ ጀርባ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ሪባን አይቆረጥም። ሦስት መሥሪያ ቤት ያዘዘው ሥራ ደግሞ ሲጠየቅ ሦስቱም ወደ ጎን ያያሉ።

ሁለተኛው ምክንያት እኛው ነን፣ የተማርነው የአካባቢው ተወላጆች። አዲስ አበባ ተሰብስበን ገንዘብ ስናዋጣ ለአጥር፣ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለኮምፒውተር ክፍል ነው። ፎቶ የሚነሳ ነገር እንወዳለን። ኮምፒውተሩን የሚነካው ልጅ 15 ዓመት ሲሞላው ነው፤ ፊደል ያልያዘለት ግን በሁለት ዓመቱ ማንም ያላዋራው ስለሆነ ይሆናል። ይህን የምለው ለምን ተገነባ ብዬ አይደለም። መዋጮ የአንድ ጊዜ ነው፤ ደሞዝ ግን የየወሩ ነው። የየወሩን ወጪ የሚችል ደግሞ መንግሥት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የማመልከቻው ዓይነት ነው። ቀዳማይ ልጅነት ሲነሳ ሁላችንም ወደ ረጂ ድርጅት ፕሮፖዛል እንሮጣለን። ፕሮፖዛሉ ሦስት ዓመት ይላል፤ በሦስተኛው ዓመት መኪናው ይወሰዳል፣ ሠራተኛዋ ትሰናበታለች፣ ልጁ ሁለት ዓመቱ ላይ ይቀራል። የመንግሥት በጀት ሌላ ነው። አንድ የሚያውቀኝ የበጀት ባለሙያ፣ የት እንደሚሠራ ይቅር፣ እንዲህ ብሎ አስረዳኝ፦ «ወንድሜ፣ ሐሳብህ ቆንጆ ነው። ግን እኔ ቆንጆ ነገር የምጽፍበት ሳጥን የለኝም። የሥራ መደብ አለው? ካለው ደሞዝ እጽፍለታለሁ።» እውነቱን ነው። በኔ ሙያ ኮድ የሌለው ነገር አይሠራም፤ በመንግሥት ሒሳብም ኮድ የሌለው ነገር የለም። ወረዳ ከክልሉ በቀመር የሚወርድለት ጥቅል በጀት አለው፤ አብዛኛው በደሞዝ ያልቃል፤ ከተረፈው ሥራ ማስኬጃ ላይ የቤት ጉብኝትን ልሸጉጥ የሚል ካለ፣ በመጀመሪያው የነዳጅ እጥረት ይቆረጥበታል። ስለዚህ ጥያቄው መቅረብ ያለበት እንደ ሥራ መደብ ነው፤ ወረዳ ለዞን፣ ዞን ለክልል፣ ክልል በራሱ ምክር ቤት።

ማመልከቻው ምን ይዞ ይሂድ? አንደኛ፣ ስም። ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ዝርዝር በየጤና ኬላው የቤተሰብ ማኅደር ውስጥ አለ፤ «ብዙ ሕፃናት» አይባል፣ ይቆጠር። ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተል፦ ሴፍቲኔት ውስጥ ያሉ፣ ሲወለዱ ክብደታቸው ያነሰ፣ መንታ፣ እናታቸው ራሷ ልጅ የሆነች፣ ተፈናቅለው የመጡ፣ የአካል ጉዳት ያለባቸው ይቅደሙ። ሦስተኛ፣ በቀበሌ አራት የሥራ መደብ፣ ከነደረጃውና ከነደሞዙ፤ ለየአሥሯ አንድ አብራ የምትዞር ተቆጣጣሪ። አራተኛ፣ ቦት ጫማ፣ የዝናብ ልብስና ካፖርት። አትሳቁ፤ በመንዝ ነሐሴ ውስጥ ያለ ጫማ የተነደፈ ፕሮግራም ወረቀት ላይ ብቻ ይሠራል። አምስተኛ፣ በየስድስት ወሩ ከዝርዝሩ በዕጣ የወጡ 30 ቤቶች ይጎብኙና እናቶቹ ይጠየቁ፦ መጣች? ምን አሳየችሽ? ልጁ ምን ምን ማድረግ ጀመረ?

አምስተኛውን ያስገባሁት ሪፖርታችንን ስለማውቀው ነው። ብቻዋን የቆመች «ተጎብኝቷል» የምትል ሳጥን ሁልጊዜ ትሞላለች። እዚህ ላይ የሙያ ወንድሞቼንም ልንካ። ይህን ሐሳብ ለሶፍትዌር ሰዎች ስናገር የመጀመሪያው ምላሽ «አፕ እንሥራለት» ነው። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የማኅበረሰብ ጤና መረጃ የሚመዘገብበት የታብሌት ሥርዓት አለ፤ መልካም ነው፣ ቀጠሮ ያስታውሳል፣ ስም እንዳይጠፋ ያደርጋል። ነገር ግን ታብሌት ሕፃን አያጫውትም። መብራት በሚጠፋበት፣ ኢንተርኔት ለወራት በተዘጋበት ክልል ደግሞ ሰው ሳይቀጥሩ ታብሌት መግዛት፣ በሬ ሳይኖር ቀንበር መጥረብ ነው። መጀመሪያ ሴትዮዋን ቅጠሩ። ሶፍትዌሩን እኔም በነፃ እሠራላችኋለሁ።

የመጨረሻውና ከባዱ ተቃውሞ ጦርነቱ ነው። «አገር እየነደደ ስለ ሕፃን ጨዋታ ታወራለህ?» አወራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነት ሰሜን ሸዋ ደርሷል፤ ከ2023 ወዲህ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። መንገድ በሚዘጋበት ቀን ከወረዳ ከተማ የሚመጣ ባለሙያ አይደርስም፤ ከዚያው ጎጥ የወጣች፣ የማንም ወገን ያልሆነች፣ ሕፃን ልታይ የምትሄድ ጎረቤት ግን በእግሯ ትደርስ ይሆናል። አደጋ ባለበት ቀን ትቅር፤ ማንም አያስገድዳት። የሁለት ዓመት ልጅ ግን ሰላም እስኪሰፍን አይጠብቅም። ዛሬ የተወለደው ሰላም ሲመጣ ስድስት ዓመት ከሞላው ያ ጊዜ አለፈ። አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» ያሉት ለዚህ ይሆናል። ደግሞስ፣ በጦርነት ላይ ላለ መንግሥት ለጥይት የተገኘ ገንዘብ ለሞግዚት ሲሆን ብቻ ለምን ይጠፋል?

ስለዚህ የምለው ለተወሰኑ ሰዎች ነው። የወረዳ ምክር ቤት አባላት፦ በሚቀጥለው ጉባኤ «ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች በዚህ በጀት ውስጥ ስንት የሥራ መደብ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ዜሮ ከሆነ ዜሮው በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። የጤና፣ የትምህርትና የሴቶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፦ ሦስታችሁ አንድ ማመልከቻ ላይ ፈርሙ፤ ተራ በተራ አትጠባበቁ። የአካባቢው ተወላጆች፦ በዚህ ዓመት አጥሩ ይቆይና ያን ማመልከቻ የሚያዘጋጅ፣ ልጆቹን የሚቆጥር ሰው ወጪ ሸፍኑ።

አዲሱ በጀት ዓመት የሚገባው ሐምሌ 1 ነው፤ በጀቱ የሚዘጋጀው ግን ከዚያ ብዙ ወራት በፊት ነው። ግንቦት ላይ የሚጻፍ ደብዳቤ ለይስሙላ ነው። ቆጠራው በጥቅምትና በኅዳር፣ አጨዳው ሲጋመስ ይጀመር፤ ማመልከቻው በጥር ክልል ይድረስ። እምቢ ከተባለ እምቢታው በጽሑፍ ይሰጠን፣ ከነምክንያቱ፤ በመጪው ጥር ይዘነው እንመለሳለን።